አደራ የተባለው ፓስፖርት

ጋሽ ኡስማን ስልሳ ስምንት ዓመት ሲኖሩ አንድም ቀን የፍርድ ቤት ደጃፍ ረግጠው አያውቁም ነበር። ይህንንም እንደ ትልቅ ሙያ ቆጥረው በየደረሱበት ያወሩታል። «እኔ ሰው አልከሰስኩም፤ ሰውም እኔን አልከሰሰኝ» ይላሉ ጺማቸውን እየዳበሱ። ይሁንና ዜግነት የሰጠ መንግሥት ግዴታውንም ማስከተሉ አይቀርምና፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ለጁሪ ዱቲ፣ ማለት እንደ ተራ ዜጋ ፍርድ ለመስጠት፣ ተጠርተው ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦክላንድ፣ ሌክ ሜሪት ዳር ካለው ትልቅ ነጭ ፍርድ ቤት በር ላይ ተሰለፉ። በልባቸው ያሰቡት «እንግሊዝኛዬ አይበቃም» ብለው ቶሎ ወደ ቤታቸው መመለስ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ታክሲ ሲነዱ ከተሳፋሪ ጋር ስለ ፖለቲካ የተከራከሩበት እንግሊዝኛ ዛሬ በምን ምክንያት እንደሚያንስ ግን እሳቸውም አላሰቡበትም።

ፍተሻው ላይ ቀበቷቸውን ሲያወልቁ ከኋላቸው «አሰላሙ አለይኩም፣ ጋሽ ኡስማን» የሚል የሴት ድምፅ ሰሙ። ዞር ሲሉ ራውዳ ናት፤ ሳን ሆዜ የሚኖረው ወዳጃቸው የሙጠሊብ ልጅ። በዘጠኝ ዓመቷ ከአዲስ አበባ መጥታ እዚሁ ተማረች፤ አሁን ሰዎች አታለውና አስፈራርተው በግዳጅ ያሠሯቸውን የሚረዳ አንድ ድርጅት ውስጥ ትሠራለች። ጋሽ ኡስማን ሥራዋን በቅጡ አያውቁትም። ሥራው ያልገባቸው ወጣት ሁሉ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ይመስላቸዋል፤ በቴክኖሎጂ ኩባንያዎች በተሞላው ቤይ ኤሪያ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይሳሳቱም።

ሰላምታቸውን ሳይጨርሱ ከራውዳ ጎን የቆመችውን ልጅ አዩና ክው አሉ። ሂክማ ናት።

«አንቺ ጠፍተሻል ተብሎ የለም እንዴ?» አሏት።

«አልጠፋሁም» አለች ሂክማ መሬት መሬት እያየች። «ወጣሁ እንጂ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ዓመት ግድም ሂክማ ካስትሮ ቫሊ ካለው ከአቶ አክረምና ከወይዘሮ ሳምራ ቤት በነጠላ ጫማ ወጥታ መስጊድ መጣች። ባልና ሚስቱ ከኮምቦልቻ ለሁለት ዓመት ልጅ ጠባቂ ብለው ነበር ያመጧት፤ ትምህርት ቤትም እናስገባሻለን ብለዋት ነበር። ትምህርቱ ወሬ ሆኖ ቀረ። ከማለዳ እስከ ምሽት ሦስት ልጆች መጠበቅ፣ ማብሰልና ማጠብ ሆነ ሥራዋ፤ ደመወዟንም ለትኬትሽ ያወጣነው ነው እያሉ አስቀሩባት። ፓስፖርቷን ወሰዱ። ለእናቷ ስትደውል ሳምራ አጠገቧ ተቀምጣ ታዳምጣለች። ብትወጪ ፖሊስ ያስርሻል ትባላለች።

እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ በእኛ ሰው ዘንድ ሽማግሌ ይሰበሰባል። ጋሽ ኡስማንም ሌሎች ሁለት ሰዎችን ጨምረው ተቀመጡ፤ ሰሙ፤ አስታረቁ። ልጅቱ ወደ ቤቱ ትመለስ፣ አርብ አርብ ትውጣ፣ ፓስፖርቷ ደግሞ ከአክረም እጅ ወጥቶ ሁለት ዓመቷን እስክትጨርስ ጋሽ ኡስማን ዘንድ በአደራ ይቀመጥ ተባለ። ዱዓ ተደርጎ ተበተኑ። ጋሽ ኡስማን በዚያ እርቅ ኮርተው ከረሙ። ፓስፖርቱንም በንጹህ ጨርቅ ጠቅልለው ቁም ሳጥናቸው ውስጥ አኖሩት፤ አደራ ነውና ለሚስታቸው እንኳ አላሳዩም። ከአራት ወር በኋላ ልጅቱ ከዚያ ቤት መውጣቷን፣ ቀጥሎም አክረምና ሳምራ በሰው በመነገድ ወንጀል መከሰሳቸውን ሲሰሙ በጣም ተናደዱ። «እርቅ አፍራሽ» ብለው ስሟን ያነሱ የነበሩት እሳቸው ናቸው።

ለምሳ ሲለቀቁ ጋሽ ኡስማን ወደ ሐይቁ ዳር ወረዱ። ራውዳ አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻዋን ተቀምጣ አገኟት፤ ሂክማ ስለ ክሱ ለመነጋገር ከጠበቃዋ፣ ከሎየሯ ጋር ፎቅ ላይ ቀርታለች። ዝይዎቹ መንገዱን ይዘውት ስለነበር ሽማግሌው በክብር ለመራመድ ያደረጉት ሙከራ አልተሳካም፤ እየዘለሉ ደረሱ።

«ራውዳ ልጄ» አሉ ትንፋሻቸው ሲመለስ፣ «አባትሽን ሠላሳ ዓመት አውቀዋለሁ። ስለዚህ አትቀየሚኝ። የራስን ሰው ለፈረንጅ አሳልፎ መስጠት ምን የሚሉት ሥራ ነው?»

«አልቀየምም ጋሼ። ግን በቅድሚያ አንድ ነገር ልንገርዎት። ስለ ሂክማ ኬዝ ያለ ፈቃዷ አላወራም። ጠዋት ጠይቄያት፣ እሳቸው ስለሚያውቁት ነገር ተነጋገሪ ብላኛለች። ደግሞ ፈረንጅ የሚሉት ማንን ነው? እርስዎ ራስዎ ዛሬ ጁሪ ሊሆኑ መጥተው የለ? እዚያ ወንበር ላይ የሚፈርደው እኮ እንደ እርስዎ ያለው ሰው ነው።»

ይህ አባባል ጋሽ ኡስማንን በውስጣቸው ደስ አላቸው፤ ፊታቸውን ግን አላላሉም።

«ሽምግልና ስንት ትዳር አድኗል፣ ስንት ደም አድርቋል። እሱን ትታችሁ ፖሊስ ትጠራላችሁ።»

«አድኗል። የእኔን እናትና አባት ያስታረቃችሁት እናንተ ናችሁ፤ ኩኪስ እየበላሁ ከበሩ ኋላ ስሰማ ነበር። ባልና ሚስት ሲኮራረፉ፣ ሁለት ነጋዴ ሲጋጭ፣ ከእርቅ የተሻለ ነገር አላውቅም። እነዚያ ግን ሁለቱም አልስማማም ብለው ተነስተው መሄድ ይችላሉ። መሄድ የማትችል ልጅ ከማን ጋር ነው የምትታረቀው?»

«አክረም እኮ ልጅቷን በገመድ አላሰራትም። በላች፣ ጠጣች፣ ከልጆቹ ጋር ተኛች።»

«ጋሼ፣ ሕጉ ገመድ አይፈልግም። ሰውን አታሎ፣ አስፈራርቶ፣ ዶክመንቱን ይዞበት በግድ ማሠራት ይበቃል።»

«ዶክመንቱን ይዞበት» የሚለው ላይ ጋሽ ኡስማንን ድንገት ሳል ያዛቸው። ሳሉ ሲለቃቸው ድምፃቸው ቀጠነ።

«እንደው ለነገሩ፣ ዶክመንቱ አደራ ቢሆንስ? ማለቴ፣ ሰው እጅ የተቀመጠው ለሁለቱም ሲባል ቢሆን?»

ራውዳ ትክ ብላ አየቻቸው። ጠዋት ሂክማ እሳቸው ፊት ለምን መሬት መሬት እንዳየች አሁን ገባት።

«ጋሼ፣ እዚህ ላይ ይቁሙ። ሌላ ቃል አይጨምሩ። እኔ የሂክማ ረዳት እንጂ የእርስዎ ሎየር አይደለሁም። የሚያውቁት ነገር ካለ መጀመሪያ ለራስዎ ሎየር ያማክሩ። በነፃ የሚያማክርዎት ሰው አድራሻ እሰጥዎታለሁ።»

«ልታስይዢኝ ነው?»

«እንዳይጎዱ ነው እንጂ።»

ጋሽ ኡስማን ግራ ገባቸው። ከሳሽ ወገን የሆነች ልጅ፣ ተናገር በማለት ፈንታ ጠበቃ ያዝ ስትል ሰምተው አያውቁም። «ይህ ሕግ ለእኔ ቢጤም ጠበቃ አለው ማለት ነው?»

«አለው። ለአክረምም አለው። ጥፋቱ እስኪረጋገጥበት ድረስ እንደ ንጹህ ሰው ነው የሚቆጠረው። ሂክማ ሎየር አላት፣ አስተርጓሚ አላት፣ እኔም አጠገቧ እቀመጣለሁ። ሲደክማት እረፍት ትጠይቃለች።» ራውዳ ወደ እሳቸው ዞረች። «በሽምግልናው ቀን ከሂክማ ወገን ማን ነበር?»

ጋሽ ኡስማን በሐሳባቸው ያንን ክፍል ዞሩት። ሦስቱም ሽማግሌዎች የአክረም ወዳጆች ነበሩ። አንደኛው የአክረምን ሠርግ የመሩ፣ ሌላኛው የሥራ ባልደረባው። ሴት የተባለች ሳምራ ብቻ ነበረች። ልጅቱ በሩ አጠገብ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች።

«ማንም» አሉ። እውነት ተናጋሪ ሰው ናቸውና መሸፋፈን አልሆነላቸውም።

«ይቅርታ የጠየቀውስ ማን ነበር?»

 ሂክማ ተነስታ የሳምራን ጉልበት ስትስም ታየቻቸው። «ታላቅሽን አስቀይመሻል፣ ጉልበቷን ሳሚ» ያሏት ራሳቸው ነበሩ። ዱዓውን የጀመሩትም እሷ ገና ሳትነሳ ነበር። ጋሽ ኡስማን ኮፊያቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አኖሩ፤ ነፋሱ ራሳቸውን መታው።

ሽማግሌ ሲሸነፍ ወዲያው እጅ አይሰጥም፤ የመጨረሻ ምሽግ አለው። ጋሽ ኡስማንም ወደዚያ ገቡ። «እኔ የፈራሁት ከአገር እንዳትባረር ነው። ወረቀት የሌላት ልጅ ፖሊስ ፊት ቀርባ ማን ይምራታል?»

«ፍርሃትዎ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ድሮ ፖሊስ ደርሶ የተበደለችውን ራሷን ያስር ነበር፤ ዛሬም ስህተት የለም አልልም። ግን ሕጉ ከስህተቱ ተምሯል። እንዲህ ላለ ሰው ቲ ቪዛ የሚባል አለ። ምርመራውን ከረዳች እዚህ እንድትኖር፣ እንድትሠራ፣ እንድትማር ይፈቅድላታል። ማመልከቻው የሚገባው ሃያ አንድ ዓመት ሳይሞላት ከሆነ ደግሞ እናቷንና ትንሽ ወንድሟን እንዲያመጡላት መጠየቅ ትችላለች።»

«አሁን ስንት ዓመቷ ነው?»

«ሃያ አንድ ሊሞላት አምስት ሳምንት ቀርቷታል፤ ማመልከቻውን ያዘገየው በፈቃዷ አለመመለሷን የሚያስረዳ ምስክር መጥፋቱ ነው። ይህንን እንድነግርዎ ፈቅዳልኛለች።» ራውዳ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «በአደባባይ የተባለውን ደግሞ ልንገርዎት። የአክረም ሎየር ምን እንደሚል ያውቃሉ? ልጅቷ ነፃ ነበረች፤ ወጥታ ነበር፤ የተከበሩ ሽማግሌዎች አነጋግረዋት በገዛ ፈቃዷ ተመለሰች ይላል። እርቁን ማስረጃ አድርጎታል። የሽማግሌዎቹን ስም ግን አክረም አልሰጠም፤ ፓስፖርቷ ጠፍቷል ብሎ ቃል ሰጥቷልና። ሂክማም ስም አልጠራችም።»

ጋሽ ኡስማን የተጣለባቸውን ሸክም አዩት። ያን ቀን በዚያ ክፍል የሆነውን ደፍሮ የሚናገር ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው። ቢናገሩ የሃያ ዓመት ወዳጃቸው ይወድቃል፣ የኮሩበት እርቅም በሰው ፊት ይፈርሳል። ዝም ቢሉ ደግሞ አምስቱ ሳምንት ያልፋል፤ ኮምቦልቻ ያለች አንዲት እናት ልጇን ሳታይ ትቀራለች።

ይህን ሲያወጡ ሲያወርዱ ሂክማ ከፎቅ ወርዳ መጣች። ከዝይዎቹ መካከል ያለ ችግር አለፈች፤ ከእነሱ ጋር የተላመደች ትመስላለች።

«ሂክማ» አሏት ጋሽ ኡስማን፣ «አሁን የት ነው የምትኖሪው?»

«ደህና ቦታ» አለች። ራውዳ ፈገግ አለች፤ ቤቱ የት እንደሆነ ለማንም እንዳትነግር ተማክረው ነበርና።

«እንዴት ነው የወጣሽው?»

«ትንሹን ልጅ ለክትባት ይዤው ከሳምራ ጋር ክሊኒክ ሄድን። ሙሉዬ የምትባል ነርስ ነበረች፤ አማርኛ ትናገራለች፣ አንገቷ ላይ መስቀል አላት። ሳምራን ፎርም ሙዪ ብላ ሌላ ክፍል አስገባቻትና በሩን ዘጋች። ከዚያ፣ እህቴ፣ አንቺ ራስሽ ደህና ነሽ? አለችኝ። እስከዚያ እኔን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አለቀስኩ፤ እሷም ለእነ ራውዳ ደወለችልኝ።»

«እኛ ሦስት ሽማግሌዎች ግማሽ ቀን ተቀምጠን ያልጠየቅነውን» አሉ ጋሽ ኡስማን ለራሳቸው ያህል። ከዚያም ቀና አሉ። «የእኔን ስም ለምን ሸሸግሽ?»

«እንዳያስሩዎት ብዬ ነው። ያን ቀን በር ላይ፣ አብሽሪ ልጄ ብለውኛል። በዚህ አገር ልጄ ያለኝ ሰው አልነበረም።»

ጋሽ ኡስማን አለቀሱ። ሽማግሌ በአደባባይ አያለቅስም የሚለውን ልማድ በዚያች ሰዓት ማንም አላስታወሳቸውም፤ ራውዳም ዞር ብላ ሐይቁን ማየት ጀመረች።

«ያን ቀን ብጠይቅሽ ምን ትዪኝ ነበር?»

«አልመለስም።»

«አልጠየቅኩሽም።»

«አልጠየቁኝም» አለች ሂክማ። ለማጽናናት ብላ አልዋሸችም፤ ጋሽ ኡስማንም ለዚህ አከበሯት።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የሽማግሌው ሥራ ነው። ያን ቀን ከጁሪው ተሰናብተው፣ በማግስቱ ጠዋት ራውዳ ወደ ሰጠቻቸው አድራሻ ሄደው ሎየር አማከሩ። በሦስተኛው ቀን ፓስፖርቱን ይዘው ከሎየራቸው ጋር ለመርማሪዋ ቃላቸውን ሰጡ፤ ዐቃቤ ሕጉም ነገሩን መርምሮ በምስክርነት ተቀበላቸው። ማመልከቻው የእሳቸው ቃል ተያይዞለት ከሂክማ ልደት አሥራ አንድ ቀን አስቀድሞ ገባ። በቅድመ ምርመራው ችሎት የአክረም ጠበቃ «ልጅቷ በፈቃዷ አልተመለሰችም ማለትዎ ነው?» ሲላቸው፣ «ፈቃድ ነበረ፤ የእኛ ፈቃድ» አሉት። ችሎቱ ውስጥ አክረምን ያዩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ባልና ሚስቱ ጥፋታቸውን አመኑ። አክረም ታሰረ፤ ሳምራ በገደብ ተለቃ ልጆቿን ታሳድጋለች፤ ሂክማ የሠራችበት ደመወዝ በፍርድ ተከፈላት። ጋሽ ኡስማን በየወሩ አክረምን እስር ቤት ሄደው ይጠይቁታል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጊዜ አላናገራቸውም፤ በሦስተኛው «ሂክማ ደህና ናት?» አላቸው። ሽምግልናቸው እዚህ ላይ ቦታውን አገኘ።

ራውዳም ከሽማግሌው የተማረችው ነገር ነበር። አንድ ቀን፣ «እናንተ የእርዳታ ስልክ ቁጥራችሁን በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ መጸዳጃ ቤት በር ላይ ትለጥፋላችሁ» አሏት። «የእኛ ልጅ ስትጨነቅ ግን የምትፈልገው ነጭ ጺም ነው። ስለዚህ ከነጭ ጺሙ ጀምሩ።» ራውዳ ሳቀች፤ ስቃም አልቀረችም፤ የሳን ሆዜና የኦክላንድ ሽማግሌዎችን፣ የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን መጋቢዎችን ጭምር፣ ሳን ሆዜ ሰብስባ አሠለጠነች። ሻይውን ያፈላው አባቷ ሙጠሊብ ነው፤ ስኳሩን አብዝቶት ማንም አልተኛም።

ዛሬ በእነሱ ሽምግልና ወግ ተለውጧል። ከሽማግሌዎቹ መካከል ሁለት ሴቶች አሉ። አቅመ ቢሱ ወገን ለብቻው፣ በር ተዘግቶ፣ መጀመሪያ ይጠየቃል። የሰው ፓስፖርት በአደራ አይያዝም። ማስፈራራትና በግድ ማሠራት ከተሰማ ነገሩ ለእርቅ ሳይቀርብ፣ የተበደለው ሰው ፈቅዶ፣ ለራውዳ ይደወላል። በዚህ መንገድ አንዲት የሚልፒታስ ሴትና አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ይተኛ የነበረ ወጣት ነፃ ወጥተዋል፤ ከዚያ በኋላ ሰዉ ሽማግሌን ፈራ ወይም ናቀ የሚል አልተሰማም፤ እንዲያውም ድሮ በሩ ላይ የሚመለሱት ሴቶች አሁን ገብተው ይናገራሉ። ሂክማ ራሷ ኮሌጅ ገብታለች፤ የሕፃናት ነርስ መሆን ትፈልጋለች።

ማመልከቻው በገባ በሁለተኛው ዓመት ፈቃዱ መጣ። እናቷ ወይዘሮ ዙሌይካ ትንሹን ልጃቸውን ይዘው የሳን ፍራንሲስኮ አየር ማረፊያ የደረሱት አንድ ብሩህ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ሂክማ ሮጣ አንገታቸው ላይ ስትጠመጠም ሻንጣ የሚገፋው ሰው ሁሉ ቆሞ አየ። ጋሽ ኡስማን የመኪና ቁልፋቸውን እያንቀጫቀጩ ራቅ ብለው ቆመዋል።

ወይዘሮ ዙሌይካ እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው ዙሪያቸውን ተመለከቱ። «ልጄን ወደዚያ ቤት የመለሰው ሽማግሌ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ፍርድ ቤት ቀርቦ እውነቱን የተናገረውስ?»

«እሱም እኔው ነኝ።»

እናት ከእግር እስከ ራሳቸው አዩዋቸው። «እንግዲያው ወቀሳም ምርቃትም አለኝ።»

«በወቀሳው ይጀምሩ» አሉ ጋሽ ኡስማን።

ወይዘሮ ዙሌይካ ጀመሩ። ወቀሳው ሻንጣ ሲጫን፣ ሀይዌይ ሲገባ፣ ቤይ ብሪጅን ሲሻገሩም አልቆመም፤ እያንዳንዷን ስልክ ያልተደወለባትን ሌሊት ቆጠሩ። ጋሽ ኡስማን መሪያቸውን ይዘው «ልክ ነዎት» ብቻ ይላሉ። ኦክላንድ ሲገቡ ወቀሳው አለቀ።

«ምርቃቱስ?» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው።

«እሱን ልጄን ሳልጠይቅ አላደርገውም» አሉ ወይዘሮ ዙሌይካ፤ ወደ ኋላ ዞረውም «ሂክማ፣ ልመርቃቸው?» አሉ።

ሂክማ ወንድሟን አቅፋ በመስኮት ታይ ነበር። ሦስት የትራፊክ መብራት እስኪያልፉ አስጠበቀቻቸው። ከዚያ ሳቋን መቆጣጠር አቃታትና «መርቂያቸው» አለች፤ ጋሽ ኡስማንም መኪናውን ዳር አስይዘው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።